ጉቶ የሌለበት ደን

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ በጫማ ጠጋኙና በመድኃኒት ቤቱ መካከል፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረች። ባለቤቱን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «ሳሙና» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ከእጁ ሥራ ነው። ብጉር የወረሰው ጎረምሳ፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ ሙሽራ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሹፌር፣ ማንም ይሁን ማን ከእሱ ኮምፒውተር ሲወጣ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ይመስላል። አንዲት ሴትዮ ጉርድ ፎቶዋን ልትወስድ መጥታ ግራ ቀኝ ካገላበጠችው በኋላ «ይቺን ልጅ አውቃት ነበር፤ ከጠፋች ግን ሃያ ዓመቷ ነው» አለች ይባላል። ስሙም በዚያ ሰሞን ጸና።

ክፍሏ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች ናት። በፊት በኩል ነጭ ጨርቅ የተወጠረበት ግድግዳ፣ የሚሽከረከር በርጩማ፣ መስታወትና እንዳይሰረቅ በሲባጎ የታሰረ ማበጠሪያ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ሚስቱ ልብስ ትሰፋለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እሱ ከሰው ፊት ላይ ነጥብ ሲለቅም፣ እሷ የስፌት መኪናዋን ስታሽከረክር፣ በመጋረጃ አሳልፈው እየተጨዋወቱ ኖሩ። ልጅ አልወለዱም። በዚህ የተነሳ መጀመሪያ ላይ አዘኑ፤ በኋላ ተዉት።

ሚስቱን ያሳደጓት ታላቅ ወንድሟ ናቸው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሷ የአምስት ዓመት ሕፃን፣ እሳቸው ገና ሃያ ያልሞላቸው ወጣት ነበሩ። «እሷን ሳልድር ሚስት አላገባም» ብለው፣ እሷን ድረው ዞር ሲሉ ዕድሜያቸው ሄዷል። «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ ሳሙናም ጋሼ ይላቸዋል። የመንግሥት ደን ጠባቂ ናቸው። ከከተማው በመኪና አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ደን ውስጥ፣ ከኬላው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ቤት ይኖራሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ በአፍንጫቸው የሚስቁ፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ከተናገሩ ያመማቸው የሚመስል ሰው ነበሩ።

ደኑን ለሳሙና ያመጡለት እሳቸው ናቸው። መሥሪያ ቤታቸው በየዓመቱ ሪፖርት ያሳትማል። ፎቶ የሚያነሳው ሠራተኛ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና ሰው ሲፈለግ፣ ጋሼ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ቢሮ ገቡ።

«የእህቴ ባል ፎቶ አንሺ ነው። እጁም ንጹሕ ነው» አሉ።

በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው ለዘመድ ብለው አፋቸውን የከፈቱት ያኔ ብቻ ነው።

ሳሙና ዕድሜውን ሙሉ ያነሳው «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ» ሲሉት የሚሰማ ነገር ነበር። ደን አይሰማም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ደርሶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሦስት መቶ ፎቶ አነሳ። ከተማ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲዘረግፈው ግን አንድም ደን የለም። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ተጋድሟል፤ ፀሐይዋ በየቅጠሉ ላይ ኖራ የተረጨ ይመስል ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ጥላለች፤ ጥላው ደግሞ ጥቀርሻ ነው። ሚስቱ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች።

«የማን አጥር ነው?»

«ደኑ ነው።»

«እኔ ያደግኩበት ደን?»

«እሱው።»

«ታዲያ ምን አርገኸው ነው?» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌሊቱን ተነስቶ ጎህ ሲቀድ ኬላው ደረሰ። ሰማዩ ደመና ነበር፤ «ቀኔ ተበላሸ» እያለ እያጉረመረመ ካሜራውን ሲያወጣ ጋሼ አስቆሙት።

«መጀመሪያ ተቀመጥ።»

«ፎቶ ሳላነሳ?»

«እንግዳ ሆኖ እንደገባ፣ ሳይቀመጥ ጓዳ ጎድጓዳውን የሚያይ ሌባ ነው። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከወደቀ ግንድ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጉሙ ከሸለቆው ቀስ እያለ ወጣ፤ ሲወጣም የኋላ ዛፎቹን እየሸፈነ የፊቶቹን ብቻ ተወ። ያ ሁሉ ዝብርቅርቅ ሄዶ፣ ዳገቱ ላይ አንድ ትልቅ ዝግባ ብቻውን ቆሟል፤ አንዱ ቅርንጫፉ ክርኑን አጥፎ እንደሚያስብ ሰው ታጥፏል።

«እሱን ተዋወቀው» አሉ ጋሼ። «ሌሎቹን እሱ ያስተዋውቅሃል።»

ሳሙና በአርባ ሁለት ዓመቱ እንደ አዲስ ተማሪ ሆነ። ለደን ፎቶ ፀሐይ ጠላት መሆኗን፣ ደመና ወዳጅ መሆኑን የተማረው ያን ጠዋት ነው። ሁሉን ላሳይ ያለ ምንም እንደማያሳይ፣ አንድ ዛፍ ይዞ ሌላውን መተው እንዳለበት አወቀ። ከዝናብ በኋላ የዛፍ ቅርፊት እንደሚጠቁርና ቅጠሉ ያኔ ብቻ ትክክለኛ መልኩን እንደሚያሳይ፣ ሰማዩ በቅጠል መሀል ከገባ ፎቶው እንደ ወንፊት እንደሚበሳሳ አንድ በአንድ፣ በስሕተቱ እየከፈለ ተማረ። ኮምፒውተሩ ላይም እንደዚሁ። መጀመሪያ አረንጓዴውን እንዳሻው ከፍ አደረገው። ሚስቱ በመጋረጃው ብቅ ብላ «ገና አልደረቀም መሰለኝ፤ እጅ ይነካል» አለችው። ሳቀና ዝቅ አደረገው። የባሰ ዝቅ ሲያደርገው የባሰ እውነት መሰለ። ጥላውን ማብራት እንደማያስፈልግ፣ ደን ውስጥ የማይታይ ነገር መኖሩ ራሱ ደን መሆኑ የገባው ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ያ ዓመትና የሚቀጥለው የሕይወቱ ደስታ ነበሩ ማለት ይቻላል። የዝግባው ፎቶ በሪፖርቱ ሽፋን ላይ ወጣ፤ ተለቅ ብሎ ታትሞም በመሥሪያ ቤቱ መግቢያ ተሰቀለ። ሳሙና ጉዳይ ያለው ሰው መስሎ በዚያ በኩል ሁለት ሦስት ጊዜ አልፏል። ሰኞ ሰኞ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ደን ይሄዳል፤ ከጋሼ ጋር ያን ግንድ ላይ ይቀመጣል። በዓመት አሥር ቃል የማይናገሩት ሰውዬ ስለ ዛፍ ሲሆን አፋቸው ይፈታል። ማታ ለሚስቱ «ጋሼ ዛሬ አወሩኝ» ሲላት በሥራዋ ላይ ሆና ፈገግ ትላለች። ሁለት የምትወዳቸው ሰዎች ተዋደዱላት።

በሦስተኛው ዓመት ከዝግባው ፊት ለፊት ስድስት ጉቶ አገኘ። አዲስ ናቸው፤ ከአንዳንዱ ላይ ገና ሙጫ ይወርዳል። ጋሼ በየጉቶው ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ጽፈዋል።

«ማን ነው?» አለ ሳሙና።

«ፈቃድ ይዘው ነው የሚመጡት። ወረቀቱ ላይ የደረቀ ዛፍ ይላል።» ጉቶውን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ይሄ ደረቅ ነው?»

ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጻፋቸውን ነገሩት። ሳሙና «ደግ አደረጉ» አለ፤ ጉሙም ደርሶ ስለነበር ካሜራውን አነሳ። እንደ ሁልጊዜው ከዚያው ቦታ ቆሞ ዝግባውን አነሳው። ጉቶዎቹ ከፊት ተደርድረው ገቡ።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ሳሙና በመጣ ቁጥር ሚስቱን በስሟ ጠርታ ትጠይቀዋለች። ፎቶውን ኮምፒውተሯ ላይ አጉልታ አየችና ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች።

«በጣም ግሩም ነው። እነዚህ ግን ዓይን ይይዛሉ፤ ሰው ዛፉን ትቶ እነሱን ነው የሚያየው። ትንሽ ያጽዱልኝ?»

እውነቷን ነው፤ ዓይን ይይዙ ነበር። ሳሙና ቤቱ ገብቶ ብሩሹን አወጣ። ይሄ በኮምፒውተር ያለ ብሩሽ ነው፤ ከደህናው ቦታ ይቀዳና በተበላሸው ቦታ ላይ ይለጥፋል። በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ በሰው ጉንጭ ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። ከጎን ሣሩን ቀዳ፣ ጉቶው ላይ አለበሰው። ስድስቱ ጉቶ ሻይ እስኪቀዘቅዝ አልፈጀበትም።

ከዚያ እንደ ልማዱ በዚያው ስም፣ በዚያው ላይ አስቀመጠው። ይሄ የፎቶ ቤት ልማድ ነው። የካሜራውን ሜሞሪ ኮምፒውተር ላይ ያራግፋል፣ ሜሞሪውን ለነገ ሥራ ያጠፋዋል፣ ፎቶውን ያስተካክላል፣ በመጀመሪያው ላይ ደርቦ ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ ቦታ የለውም። ደግሞስ የመጀመሪያውን ማን ይፈልገዋል? በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ተመልሶ መጥቶ «ብጉሬን መልስልኝ» ያለው ደንበኛ የለም።

ሪፖርቱ ሲታተም አንድ ቅጂ ለጋሼ ወሰደላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«እዚህ ጋ ጉቶ ነበር እኮ።»

«ለውበት ነው ጋሼ። ዓይን ይይዝ ነበር።»

በአፍንጫቸው ሳቁ። «ዛፍ በብሩሽ የሚበቅል ከሆነማ እኔን ምን ያደርጉኛል» አሉና ሪፖርቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሳሙናም አብሮ ሳቀ። በኋላ ሲያስበው፣ ያን ቀን እሳቸው የሳቁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን እስከ ኬላው ድረስ እየሳቀ ነው የሄደው።

አራተኛው ዓመት ላይ ጉቶዎቹ ስድስት አልነበሩም። አምስተኛው ዓመት ላይ የዝግባው ግራ ጎን ባዶ ሆኖ ማዶው ይታይ ነበር። ኃላፊዋ «እንደ አምናው ይሁንልኝ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር ተናግራ አታውቅም። ሳሙና ከቀኝ ያለውን ዛፍ እየገለበጠ ወደ ግራ ተከለ። አንድን ዛፍ ሁለት ጊዜ ከደገሙት ሰው እንደሚነቃ ተማረ፤ ስለዚህ አንዱን ያጎብጣል፣ አንዱን ያሳንሳል፣ አንዱን ከወገቡ በላይ ብቻ ይወስዳል። ጥላው ሁሉ ወደ አንድ ወገን መውደቅ እንዳለበት፣ መጋጠሚያው ካስቸገረ ደግሞ ትንሽ ጉም ቢነዙበት እንደሚሸፈን አወቀ። በእውነቱ ይሄ ከባድ ሥራ ነው፤ ሁሉም ፎቶ አንሺ አይችለውም። ሳሙና ኮርቶበታል።

«ምን እየሠራህ ነው እንዲህ ዝም ያልከው?» አለችው ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ።

«ደን እያበቀልኩ።»

«ይብቀልልህ» አለች፤ ክር በጥርሷ ስትበጥስ ተሰማ።

ሰኞ ሰኞ ደን መሄዱም እየቀረ መጣ። በአንድ በኩል ሥራ በዛ፤ በሌላ በኩል፣ ለራሱም እንኳ ባይነግረው፣ ግንድ የሚጭኑት መኪናዎች ጎማ ያረሰውን መንገድና ነጭ ቁጥሮቹን ማየት አስጠልቶታል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ደን ይሻል ነበር። ጋሼ ሦስተኛውን ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልመጣም።

ነገሩ የፈነዳው ዳገቱ ከዋናው መንገድ የታየ ዕለት ነው። ከመንገዱ ዳር ያለው ዛፍ እስካለ ድረስ ከኋላው ያለውን ማንም አያይም ነበር። እሱም ሲቆረጥ የተላጨው ዳገት ፊት ለፊት ወጣ፤ በዚያ የሚያልፍ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መኪናውን አስቁሞ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። መሥሪያ ቤቱ ተርበተበተ። ሰው መገኘት አለበት፤ ሰው ተገኘ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመና ጋሼ ተጠሩ።

ጠረጴዛው ላይ አምስት ሪፖርቶች ተደርድረው ነበር። ሰብሳቢው አንድ በአንድ ገለጠላቸው። «ይኸውልዎት፣ ካቻምና ደኑ ሙሉ ነው። አምናም ሙሉ ነው። ፎቶው ላይ አንዲት ጉቶ የለችም። እንግዲህ ይሄ ሁሉ ዛፍ ያለቀው በእነዚህ ስምንት ወራት ውስጥ ነው ማለት ነው። ስምንት ወር ሙሉ መኪና ሲመላለስ እርስዎ የት ነበሩ?»

ጋሼ ደብዳቤዎቹን ጠቀሱ። መዝገብ ቤት ተጠየቀ፤ አልተገኙም። ደብተራቸውን፣ የጉቶ ቁጥር የመዘገቡበትን፣ አወጡ። «ይሄን ትናንት ማታ ቁጭ ብለው ጽፈውት ቢሆንስ?» ተባሉ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ፎቶ ቤቱ መጡ። ደንበኛ መስለው በርጩማው ላይ፣ ነጩ ጨርቅ ፊት ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«የመጀመሪያዎቹን እፈልጋለሁ» አሉ። «ሳትነካቸው በፊት ያሉትን። ጉቶዎቹ ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ከደብተሬ ጋር ይመሳከራል። በየትኛው ዓመት እንደተቆረጡ ይታወቃል።»

«እሺ ጋሼ፣ አይቼ አመጣለሁ» አለ ሳሙና።

«አለ አይደል?» አለች ሚስቱ መጋረጃውን ይዛ።

«አለ… ልፈልገው።»

እንደሌለ ያውቅ ነበር። ቢሆንም ፈለገ። በኮምፒውተሩ ያልከፈተው ፎልደር የለም። መሳቢያ ውስጥ የነበሩ የተቧጨሩ ሲዲዎችን አንድ በአንድ አስገባ፤ የሰው ሠርግ፣ የሰው ልደት። ሜሞሪዎቹን ለቅሞ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሄደ። ጠጋኙ የጠፋ ነገር የሚመልስ ፕሮግራም አለኝ አለ፤ ሁለት ቀን አቆየው። ከዚያ የተገኘው ግማሽ ፊት ያላት ሙሽራ፣ ግራጫ መስመር የበዛበት የተማሪ ክራቫት፣ የአንድ ሽማግሌ ጆሮ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ምንነቱ የማይታወቅ አረንጓዴ ቁራጭ፣ ከጥፍር የማይበልጥ።

«ስንት ጊዜ ነው ላዩ ላይ የጻፍክበት?» አለው ጠጋኙ። «ይሄማ ውሃ በልቶታል።»

ለጋሼ የነገራቸው ራሱ ነው። ኬላው ድረስ ሄዶ፣ ቆሞ ነገራቸው። እሳቸው የሻይ ብርጭቋቸውን ያጥቡ ነበር፤ ማጠባቸውን አላቋረጡም። «አንዱም?» አሉ። «አንዱም» አለ። ብርጭቆውን ደፍተው አስቀመጡት። ቢሰድቡት ይመርጥ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሳሙና ሳይጠራ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። በአምስተኛው ዓመት ፎቶ ላይ ጣቱን አሳርፎ አስረዳ። «ይሄ ዛፍ የለም። ይሄ ያኛው ነው፣ ተገልብጦ። ይቺን የታጠፈች ቅርንጫፍ ይዩዋት፤ እዚህ በቀኝ፣ እዚህ ደግሞ በግራ። ይሄ ጉም እኔ ያስገባሁት ነው። እዚህ ሥር በሦስተኛው ዓመት ስድስት ጉቶ ነበር።» አባላቱ ተጠጋግተው አዩ። አንደኛው ከልቡ ተደንቆ «አንተ፣ እጅህ ግን ይባረክ» አለ። ሌሎቹ ሳቁ።

ሰብሳቢው አልሳቀም። «የተከሳሹ እህት ባል ነህ አይደል?» አለ።

«ነኝ።»

«ጉቶ አጥፋ የሚል ደብዳቤ ተጽፎልሃል?»

ሳሙና ኃላፊዋን አያት። ጥግ ላይ ተቀምጣ ቃለ ጉባዔ ትይዛለች፤ ቀና አላለችም። «በቃል ነው» አለ።

«በል እንግዲህ፣ የተናገርከውን በጽሑፍ አድርገህ፣ ፈርመህ ነገ ጠዋት አምጣ። ግን እወቀው፤ በመንግሥት ሪፖርት ላይ ሐሰተኛ ምስል አስገብቻለሁ ብለህ ነው የምትፈርመው። ይሄ በሕግ ያስጠይቃል። አስብበት።»

አሰበበት። ያን ቀን አልጻፈም። ማክሰኞ ፎቶ ቤቱን ከፍቶ ዋለ። ሚስቱ «ወሰድከው?» አለችው፤ «እየጻፍኩ ነው» አላት። ረቡዕም ዋለ። ማታ ላይ ጻፈው፤ አንድ ገጽ ነው፤ ፈረመበት። ሐሙስ ጠዋት ይዞት ሲሄድ ጸሐፊዋ ተቀበለችና ማኅተም መታችበት። «ፋይሉ ላይ ይያያዛል» አለች። «ውሳኔው ግን ትናንት ከሰዓት ተፈርሟል።»

ጋሼ ከሥራ ተባረሩ። የሃያ ሰባት ዓመት አገልግሎታቸው ጡረታ ሳይኖረው ቀረ። ኬላው አጠገብ ያለችውን ቤት በሦስት ቀን ልቀቁ ተባሉ፤ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዘው የእህታቸው ቤት የጓሮ ክፍል ገቡ። ሳሙናን በሕግ የጠየቀው ግን የለም። ወረቀቱን ያነበበው ሰው ስለመኖሩም እንጃ።

ሰፈሩ ወሬውን እንደተለመደው ጨማምሮ ተቀበለው። «ደኑን የሸጠው ሰውዬ» ይባሉ ጀመር። ጋሼ መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ወጣ ብለው ይራመዱ ነበር፤ በኋላ ተዉት። ከሳሙና ጋር አይኳረፉም። ሲያገኛቸው ሰላም ይላሉ፣ ምሳ ሲቀርብ አብረው ይበላሉ፤ ከዚያ ወደ ክፍላቸው። ስለ ፎቶ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እህታቸው ብታባብልም፣ ብትቆጣም፣ ብታለቅስም ከምሳ በቀር ለሌላ ነገር ከዚያች ክፍል ልታወጣቸው አልቻለችም።

ክረምቱ ሲወጣ ሳሙና ካሜራውን ይዞ ዳገቱ ላይ ወጣ። ማንም አልላከውም። ጉቶዎቹን ሊያነሳ ነው የሄደው። ከጋሼ ጋር ይቀመጡበት የነበረው ግንድ እንኳ ተወስዷል። ሲያነሳ ዋለ። ለደን የተማረው ነገር ሁሉ እዚህ አልሠራም፤ ጉሙ የሚይዘው ስለሌለው አይቆምም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። አንዱን ጉቶ ለይቶ ቢያነሳው የተረሳ በርጩማ ይመስላል፤ ሁሉንም ቢያነሳ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ነጮቹን ቁጥሮች ዝናብ አጥቧቸዋል። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ «4» የሚመስል ነገር አገኘ።

ከሁሉም የተሻለውን አትሞ፣ ምንም ሳይነካው፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወሰደው። ኃላፊዋ ተዛውራ ሌላ ሰው ተተክቷል፤ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። «ለዘንድሮ ሪፖርት የችግኝ ተከላ ፎቶ ነው የምንፈልገው፣ ለማንኛውም እናመሰግናለን» ብሎ መለሰለት።

ቤት ሲገባ ጋሼ ምሳ ሊበሉ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ሳሙና ምን እንደነካው አያውቅም፤ ፎቶውን ከፖስታው አውጥቶ ፊታቸው አስቀመጠው። ምናልባት እውነተኛ ነገር በመጨረሻ ላሳያቸው ብሎ ይሆናል። ሚስቱ እጇ ላይ ሳህን እንደያዘች ቆመች።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። አቀረቡት፣ አራቁት።

«የት ነው?»

«ዳገቱ ነው ጋሼ። ዝግባው የነበረበት።»

«አይደለም» አሉ።

«እሱ ነው። ይኸውልዎት፣ በዚህ በኩል ኬላው፣ በዚህ በኩል ሸለቆው።»

«ዳገቱን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ፤ ቁጣ የለበትም። «እንዲህ አይደለም። ሌላ ቦታ ነው ያነሳኸው። ወይ ነካክተኸዋል።»

«ምንም አልነካሁትም።»

ፎቶውን በጠረጴዛው ላይ በጣታቸው ወደ እሱ ገፋ አደረጉትና ምግባቸውን ጀመሩ። ሳሙና ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ሚስቱ በዓይኗ «ተው» አለችው። ተወ።

ጋሼ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቆዩ። በሽታቸው ይሄ ነው የሚባል አልነበረም፤ ሐኪሙ ደም ቀዳ፣ ራጅ አየ፣ «ይብሉ፣ ይንቀሳቀሱ» አለ። አልበሉም፣ አልተንቀሳቀሱም። አንድ ቀን ጠዋት እህታቸው ሻይ ልትሰጣቸው ስትገባ አልነቁላትም። ከመሥሪያ ቤቱ ለቀብር የመጣ ሰው የለም።

ሐዘንተኛው ተበትኖ፣ የተከራዩት ወንበሮች ተመልሰው ቤቱ ጭር ያለ ዕለት፣ ሚስቱ የጓሮውን ክፍል ልታጸዳ ገባች። ሳሙና ሊያግዛት ተከተላት። ፍራሹን በሁለት ጫፍ ይዘው ሲያነሱት፣ ፊቱን ሳታየው ጠየቀችው።

«አንድ ነገር ብጠይቅህ አትዋሸኝ።»

«ምን?»

«ማክሰኞና ረቡዕ ምን ስትሠራ ነበር?»

የትኛው ማክሰኞና ረቡዕ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። ሳሙና ፍራሹን እንደያዘ ቆመ። ያን ሁለት ቀን በደንብ ያስታውሰዋል።

«የተመራቂዎች ፎቶ ነበረብኝ» አለ። «አርባ ሰው። ለሐሙስ ቃል ገብቼላቸው ነበር።»

«አደረስክላቸው?»

«አዎ።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ፍራሹን አውጥተው ፀሐይ ላይ ዘረጉት። እሱም ይቅርታ የሚለውን ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ይዞ፣ ከየት እንደሚጀምረው ሳያውቅ፣ ክፍሉን ጠረገ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የስፌት መኪናዋን ከመጋረጃው ጀርባ አስወጥታ ገበያው አጠገብ ካለች ልብስ ሰፊ ጋር በጋራ ቤት ተከራየች። «እዚያ ደንበኛ ይበዛል» አለችው። ማታ ቤት ይገናኛሉ፤ ራት ይበላሉ፣ ስለ ቀኑ ሁለት ሦስት ነገር ይነጋገራሉ፣ ይተኛሉ። ፎቶ ቤቱ አሁንም ክፍት ነው። መጋረጃውን ሳሙና አላወረደውም፤ ከጀርባው ባዶ ቦታ ላይ አሮጌ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ሰው ሲመጣ በርጩማው ላይ ያስቀምጠዋል፣ «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ» ይለዋል፣ ያነሳዋል። ብጉሩንም ያጠፋለታል፤ ካላጠፋለት ማዶ የተከፈተው አዲስ ፎቶ ቤት ያጠፋለታል።